ጭቃው ታጥቦ ስላማረው ድንጋይ

ለክቡር የምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር፤

ይህ ደብዳቤ ክቡርነትዎን ከነመላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤና፣ ንቃቃት በማያውቅ ግድግዳና በማይነቃነቅ ጣሪያ ሥር እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በበኩላችን የጎደሉት ጎድለው የቀረነው እንደምንም አለን።

እኔ ከእናቶች ማዋለጃ ቤቱ ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት ያለኝ አናጢ ነኝ። ክቡርነትዎ ሊያስታውሱኝ አይገደዱም እንጂ፣ መሥሪያ ቤትዎ በማዋለጃው አጥር ሥር ያልፋል የተባለውን አሁንም የሚንቀሳቀስ የምድር ስንጥቅ ለማጥናት ጥልቅ ጉድጓድ ባስቆፈረ ጊዜ፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው ድንጋይ የሚጋደምባቸውን ረጃጅም ሣጥኖች የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ባለፈው ክረምት የማዋለጃው ግማሽ ሲደረመስ ከውስጥ የቀረችው አዋላጅ ነርስ ደግሞ ታላቅ እህቴ ናት። የምጽፍልዎ ግን ስለ እሷ አይደለም፤ እሷ አንዴ ሄዳለች። የምጽፍልዎ ሳይወድቅ በቀረው ግማሽ ሕንፃ ውስጥ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እናቶች ተመልሰው እንዲተኙ ስለተወሰነና፣ በዚያው ቀን ተረኛ ሆና የምትገባው አዋላጅ የእህቴ ልጅ ስለሆነች ነው።

ከአቤቱታ በፊት ምስጋና ማስቀደም ጨዋነት ነውና፣ ውለታዎን በተራ በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፤ ጉድጓዱን ስላስቆፈሩልን እናመሰግናለን። ማዋለጃው ባለበት ይቆይ ወይስ ከቦታው ይነሣ የሚለውን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በጥናት እመልሳለሁ ማለትዎ የሚያስከብርዎ ነበር። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውልና ቆፋሪዎቹ የብረት ቱቦውን ስበው ያወጣሉ፤ ጎኑን በመዶሻ ቀስ አድርገው ሲመቱት ድንጋዩ እንደ ዘንግ ተንሸራቶ ይወጣል፤ እሱንም ከላይኛው ወደ ታችኛው በተራ እያስተኙ በየመሃሉ ጥልቀቱ የተጻፈበት የእንጨት ቁራጭ ያስገባሉ። ሥራውን የምትመራው ወጣት ባለሙያ ቆፋሪዎቹ የድንጋይ ሐኪሟ የሚሏት ናት። ሣጥን ልትረከብ በመጣች ቁጥር ጥያቄ ሳበዛባት አንድ ቀን ስቃ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንፈልገው ደህናውን ድንጋይ አይደለም። ምድር ስትንሸራተት ሁለቱ ጎኖች ይፋተጉና መሃል ያለው ድንጋይ ተፈጭቶ ጭቃ ይሆናል። ስንጥቁ ማለት እሱ ነው» አለችኝ። ጭቃው የተገኘ ዕለት ቆፋሪዎቹ አጨበጨቡ። አመድማ፣ እንደ ሊጥ የለሰለሰ፣ ርዝመቱ ክንድ የማይሞላ ነገር ነበር። በእጇ እንኳ ሳትነካው በላስቲክ ሸፍና፣ ስንጥቁ ቀስ እያለ ይንሸራተት እንደሆነ ወይም ተጣብቆ ቆይቶ ድንገት ይለቅ እንደሆነ የሚነግረን እሱ ነው ብላ፣ እስክትመለስ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቃ ወደ አባቷ ቀብር ሄደች።

ሁለተኛ፤ ስለ ንጽሕና ፍቅርዎ እናመሰግናለን። ልጅቷ ሐዘን ላይ እንደተቀመጠች ከበላይ አካል እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለና፣ ሁሉም ነገር አምሮ እንዲጠብቅ የሚለው ትእዛዝዎ ደረሰን። ግቢው ተጠረገ፤ የጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ነጭ ቀለም ተቀባ፤ እኔም ሣጥኖቹን ቫርኒሽ እንድቀባ ታዘዝኩ። ድንጋዮቹ ግን አቧራ ነበረባቸውና ለእንግዶች ዓይን አይመጥኑም ተብሎ በውሃ ቱቦ ታጠቡ። ሐኪሟ የሸፈነችው ላስቲክ ተነሣ፤ ጭቃው በጀርባ በር በኩል ባለው ቦይ ወረደ። ቆፋሪዎቹ ተው ብለው ነበር፤ የእንግዳ አቀባበል ኃላፊዎ ግን፣ «ለክቡራን እንግዶች ጭቃ ልናሳይ ነው እንዴ?» ብለው አሳፈሯቸው። እስከዚህ ድረስ ችኮላ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን ጭቃው የነበረበት ባዶ ቦታ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ አስቀያሚ ሆነ ተባለና፣ ከላይና ከታች ያለው ድንጋይ ተገፍቶ እንዲገጥም ተደረገ። ጥልቀቱ የተጻፈበት የእንጨት ቁራጭም መሃል ላይ አልመች ስላለ ተነሥቶ ተጣለ። በሙያዬ ብዙ መጋጠሚያ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያማረ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ምድር ራሷ ያልቻለችውን ስንጥቅ የመስፋት ጥበብ የእርስዎ መሥሪያ ቤት በአንድ ከሰዓት ጨረሰው።

ሦስተኛ፤ ስለ ፈጣን ውሳኔዎ እናመሰግናለን። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላኩት ገምጋሚዎች ያንን ያማረ ድንጋይ አይተው፣ በናሙናው ውስጥ የስንጥቅ ምልክት አልተገኘም፣ መሬቱ ከላይ እስከ ታች ወጥና ጤነኛ ነው ሲሉ ጻፉ። በነሱ አልፈርድም፤ የታጠበውን አይተው የታጠበውን መሰከሩ። የድንጋይ ሐኪሟ ከሐዘን ተመልሳ ሣጥኑን ስትከፍት አጠገቧ ነበርኩ። አልጮኸችም። ሁለቱ ድንጋዮች የተጋጠሙበት ላይ ጣቷን እያመላለሰች፣ «የት አደረጋችሁት? የት አደረጋችሁት?» ትል ነበር፤ አንጀቴን በላችው። ድጋሚ ይቆፈር ብላ ደጅዎን ብትጠናም፣ እርስዎ ከአባቷ ሞት ወዲህ መንፈሷ ተረብሿልና ዕረፍት ያስፈልጋታል በሚል አባታዊ ርኅራኄ ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወሯት። ማዋለጃውም ባለበት ይቆይ ተባለ። መሬቱ ጤነኛ ከሆነ ምን ይቸግራል ተብሎም ፎቅ ተጨመረበት።

አራተኛ፤ ስለ መሣሪያው። ወደ ጉድጓዱ ወርዶ የምድርን እንቅስቃሴ እንዲያዳምጥ የመጣው መሣሪያ፣ ስንጥቅ የሌለበት ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል ተብሎ ዛሬም በመሥሪያ ቤትዎ መግቢያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆሟል። አቤት ልል በመጣሁ ጊዜ አይቼዋለሁ። አቧራ አልነካውም።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልዘረዝር አልችልም። የዚያን ዕለት ጠዋት መጀመሪያ የተሰማኝ መጋዞቼ ግድግዳው ላይ ሲንቀጫቀጩ ነው። ስወጣ ማዋለጃው ከመሃሉ፣ ልክ ጉድጓዱ ከተቆፈረበት አቅጣጫ ትይዩ፣ ለሁለት ተከፍሏል። እህቴ አንድ ሕፃን ታቅፋ ወጥታ ነበር። ሕፃኑን ለእኔ ሰጠችኝና፣ «ያቺ ሆዷ የተሰፋ እናት መነሣት አትችልም» ብላኝ ተመለሰች። ልይዛት እንዳልችል እጄ ላይ ሕፃን ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከአቧራ በቀር አላየሁም። መሥሪያ ቤትዎ ከቁጥጥር ውጭ የሆነና አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል የተፈጥሮ አደጋ ብሎ መግለጫ ሲያወጣ በሬዲዮ ሰማሁ፤ ዋሽቶ ማዘን እንዲህ ቀላል መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። ተናድጃለሁ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ደግሞ የቀረው ግማሽ ሕንፃ ንቃቃቱ በሲሚንቶ ተደፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ለአገልግሎት ዝግጁ ነው ተብሏል። ማስረጃው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ ያው የቀድሞው ጥናት ነው አሉኝ። የእህቴን ልጅ አትግቢ ብዬ ለመንኳት። «አጎቴ፣ ምጥ የያዛት ሴት መሬቱ እስኪጠና ትቆያለች? እኔ ካልገባሁ ማን ይገባል?» አለችኝ። እናቷን ነው የምትመስለው። ስለዚህ ልመናዬን ወደሚቻለው ሰው አዙሬያለሁ። ከድሮው ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ይቆፈር፤ የሚወጣውን ጭቃ ማንም አይጠበው፤ የድንጋይ ሐኪሟ ከመጻሕፍቱ መሃል ወጥታ ትየው። እስከዚያ ድረስ እናቶቹን በድንኳንም ቢሆን ሜዳው ላይ ያሳርፉልን። ድንኳን ሰው ላይ ቢወድቅ ቢበዛ ያስቃል።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ በጭቃ ነገር ስላባከንኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ዘወትር የጸዳ፣ እንግዶችዎ ዘወትር የተደሰቱ፣ እግርዎም ዘወትር ጤነኛ መሬት የሚረግጥ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ትእዛዝዎን ሳያጓድል ቫርኒሽ የቀባልዎ፣

ታዛዥዎ አናጢ

ማስታወሻ፤ ማዋለጃው ሰኞ ሲከፈት በሟች እህቴ ስም እንዲጠራ መወሰንዎንና በሩ ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ እኔ እንድሠራ መመረጤን የሚገልጸው መልእክት ዛሬ ደርሶኛል። ክብሩ ከአቅሜ በላይ ነው። ጣውላውን ልጌ ጨርሻለሁ፤ ስሟን ከመቅረጼ በፊት ግን አንድ ነገር እንዲወስኑልኝ እለምናለሁ፤ ከሥሩ ለልጇ ስም የሚሆን ቦታ ልተው?