ስህተቱን የደበቀው ስክሪፕት

የእህቴ ልጅ፣

ከሥራ ስትመለስ አታገኘኝም፤ ወደ መምህሬ ሄጃለሁ።
የኮምፒውተሩ ዲስክ ተቃጥሏል፣ አይድንም። ቴክኒሻኑ ነገ ረፋድ ላይ ሊወስደው ይመጣልና በሩን ክፈትለት።
ፍላሹን ግን አትንካው።

መምህሬ በቃል የነገሩኝን ትርጓሜ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣት ስተይብ አይተሃል። ከፋይሎቼ ሁሉ እርሱን መርጦ በየማታው ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ስክሪፕት፣ ያችን አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ፣ ጻፍህልኝ። «አባባ፣ ‘ተቀምጧል’ ካለዎት ያለ ሐሳብ ይተኙ» አልኸኝ። እኔም አምኜ ተኛሁ።

ቴክኒሻኑ ዛሬ ሲያየው ፍላሹ ከሞላ ዘጠኝ ሳምንት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ የጻፍሁት አንድም መስመር አልገባም። ስክሪፕትህንም አነበበልኝ፦ ግልበጣው ቢከሽፍ ስህተቱን ደብቅ፣ ሆነም አልሆነ «ተቀምጧል» በል ብለህ አዝዘኸዋል። እርሱ ሳቀ። ማሽኑስ እውነቱን ሊናገር ነበር፤ አፉን ያፈንኸው አንተ ነህ። በገዛ ቤታችን የሐሰት ምስክር አቆምህብኝ።

ቀድሞ ስህተት የሚለው ቀይ ጽሑፍ በኮምፒውተሩ ላይ በወጣ ቁጥር አንተን እየጠራሁ ዕረፍት እንደ ነሣሁህ አልክድም። ስለዚያ ይቅር በለኝ።
ነገር ግን «ሰለቸኝ» ማለት አቅቶህ ነው?

መምህሬ ታመዋል፤ ድምፃቸውም እየደከመ ነው አሉ። ወረቀትና እርሳስ ይዣለሁ። ከደረስሁባቸው የጠፋውን እንደ ገና ከአፋቸው እለቅማለሁ።
ካልደረስሁባቸው ግን፣ ስመለስ በሩ ላይ ቆመህ «ደኅና ገቡ?» አትበለኝ።