መቶ አስራ አንዱ ሊፓዎች

ስታሮሊፕስክ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2005

ለአንጀቴ ልጅ ለኢግናሻ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን ሰምቻለሁ። እኔም አለሁ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይለግማል እንጂ ዓይኔ ያያል፣ ጆሮዬ ይሰማል፤ ሰባ አንድ ዓመት ለሞላው ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል። ያልደወልኩልህ ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ ነው። እዚህ ኮሪደር ላይ አራት ቤተሰብ እንደሚኖር አትረሳውም፤ ከአራቱም በር ጀርባ ጆሮ አለ። ደብዳቤ ይሻላል። ፖስታውንም ሁለት ጊዜ ነው በሙጫ የማሽገው፤ ተከፍቶ ከደረሰህ ንገረኝ።

ነገሩ የጀመረው በማርች መጨረሻ ነው። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እንደ ልማዴ መጥረጊያዬን ይዤ ወደ መናፈሻው ገባሁ። ጡረታ ከወጣሽ ስንት ዘመንሽ፣ ምን አለብሽ እንዳትለኝ፤ አርባ ዓመት የጠበቅኩትን ቦታ ለማን ልተወው? ገብቼ ቀና ስል፣ ወይ ጉድ! የሊፓ ዛፎቹ ደረታቸው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባቸዋል። ቆጠርኳቸው። ከመቶ ሃያው መቶ አስራ አንዱ። ምሕረት ያገኙት ዘጠኙ ሽንት ቤቱ ጀርባ ያሉት ናቸው። እንዲህ የሚሰመርበት ሊቆረጥ የተፈረደበት ዛፍ መሆኑን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ፤ የዛፍ ሐኪም ነህ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ማመን ተውኩ። «መቼ አምነሽ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ ይሰማኛል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቫዲም ሮማኖቪችን ነው። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ አዲስ ሰው ነው፤ ጫማው ጭቃ ነክቶት አያውቅም። መስመሩ በታየ በሳምንቱ በሬን አንኳኳ፤ በእጁ ትልቅ ካርቶን ቸኮሌት ይዟል። በሁዳዴ! ለአሮጊት፣ ያውም ለጾመኛ፣ ቸኮሌት ይዞ የሚመጣ ሰው ነገር አለው።

«ግላፊራ ኒካኖሮቭና፣ የመናፈሻውን ታሪክ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም ይባላል» አለኝ።

«የሚያውቅማ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም መቃብር ገባ እንጂ።»

ሳቀ። ዓይኑ ግን አልሳቀም፤ ቁም ሳጥኔን፣ መደርደሪያዬን፣ የአልጋዬን ሥር ያያል። «የድሮ ወረቀቶችም አሉዎት አሉ። ነጋዴው ቦታውን ለከተማው የሰጠበት ውል ለምሳሌ።»

«ነበረኝ። አይጥ በላው።»

«እውነት አይጥ በላው?»

«የዚህ ቤት አይጥ ምን የማይበላው አለ? ቸኮሌትህንም እዚህ ከተውከው አያድርም፤ ይዘኸው ሂድ።»

ውሉ አልተበላም። የት እንዳለ ግን ለአንተም አልጽፍልህም።

ሰውየው ወረቀቱን ለምን እንደፈለገው ገብቶኛል። ሊፓዎቹ የቆሙበትን፣ በወንዙ በኩል ያለውን ግማሽ መናፈሻ ነቅለው የገበያ አዳራሽ ሊሠሩበት ነው። መናፈሻው መቶ ዓመት ያለፈው ከሆነ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ የተተከለ ነው ከተባለ ግን ማንም እንዳሻው ያደርገዋል። ስለዚህ ታሪኩን መግደል አለባቸው።

ታሪኩን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን የረሳኸው መሰለኝና ልድገመው። ነጋዴው ፖሊካርፕ ቱልያኮቭ ኮሌራ በአንድ በጋ ሦስት ሴት ልጆቹን ወሰደበት። ሰውየው የንግድ መጋዘን ሊሠራበት የነበረውን ቦታ ሊፓ ተከለበትና «በሩ ለማንም እንዳይዘጋ» ብሎ ፈርሞ ለከተማው ሰጠ። እሱ ሞቶ ዓመት ሳይሞላ የከተማው ሹማምንት ምን ቢሰቅሉ ጥሩ ነው? «ወታደር፣ ውሻና ሻሽ ያሰረች ሴት መግባት ክልክል ነው»! አያቴ የሰው ቤት ወጥ ሠሪ ነበረችና ሻሽ ታስራለች። መናፈሻው ውስጥ የሚጫወተውን ሙዚቃ በአጥር ቀዳዳ ነው የሰማችው። አብዮቱ መጥቶ ሰሌዳው የወረደ ዕለት ገባችና መናፈሻው ውስጥ ባለው አግዳሚ ሁሉ ላይ ተራ በተራ ተቀመጠች። ሃያ ስምንቱም ላይ። ሰው እስኪስቅባት ድረስ።

የጦርነቱን፣ የአርባ ሁለቱን የበረዶ ክረምት ደግሞ እኔ ራሴ አይቻለሁ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማገዶ ጠፋ። እናቴ መጀመሪያ ወንበሮቹን፣ ከዚያ የቁም ሳጥኑን በር፣ ከዚያ የወለሉን ጣውላ አነደደች። መናፈሻው ውስጥ ያ ሁሉ እንጨት ቆሞ! አንድም ሰው አልነካውም። ትምህርት ቤት ያልተነካው በፍቅር ነው ብለው ያስተምራሉ። ውሸት ነው። ሁሉም በየመስኮቱ ሆኖ ጎረቤቱን ይጠብቅ ነበር፤ «ዛሬ ማን ይሆን መጥረቢያ ይዞ የሚወጣው?» እያለ። ሊፓዎቹን ያተረፋቸው መጠራጠራችን ነው። ስለዚህ ተጠራጣሪ ናት ብለህ አትሳቅብኝ።

ሁለተኛ የጠረጠርኳት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ካፒቶሊናን ነው። ሃምሳ ዓመት አንድ ወጥ ቤት የተጠቀምን፣ አንተን በልጅነትህ ጀርባዋ ላይ ያዘለች ካፒቶሊና! ግን ምን ላድርግ? ምራቷ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናት። በዚህ ላይ ከኤፕሪል መጀመሪያ ጀምሮ ሸሸችኝ። ወጥ ቤት ስገባ ሾርባዋን ሳይፈላ አንስታ ትወጣለች። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አይታኝ ዳቦ ሳትገዛ ተመለሰች። ሸጠችን፣ የልጅ ልጇን ሥራ ያስቀጥሩላታል ብዬ ደመደምኩ።

ያለፈው ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ ነበር። መቼም በየዓመቱ ከሜይ በዓል በፊት ከተማው ሁሉ ወጥቶ ቅጠል ይጠርጋል፣ ትል እንዳይወጣበት የዛፉን እግር ኖራ ይቀባል። ኖራው እስከ ጉልበት ነው የሚቀባው። እኔ ዘንድሮ ባልዲዎቹን ቀድሜ ያዝኩና «እስከ ደረት ቀቡ! ትሉ ዘንድሮ ከፍ ብሎ ነው የሚወጣው» አልኳቸው። የመምህራኑ፣ የጡረተኛው፣ የተማሪው ዓይን ቀይ መስመሩን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። አንድም ሰው ስለ ትሉ አልጠየቀኝም። እስከ ምሳ ሰዓት መቶ ሃያውም ሊፓ እንደ ሙሽራ ነጭ ለበሰ።

ትናንት ሰኞ የቆራጮቹ አለቃ ሊለካ መጣ። እየዞረ ዛፍ ያሻሻል።

«እማማ፣ ቀዩ መስመር የት ገባ?»

«የምን መስመር? ጠጥተሃል እንዴ በጠዋቱ?»

ሳቀብኝ። «ግድ የለም፣ ዝርዝሩ አለን። ቁጥሩም፣ ውፍረቱም፣ ካርታውም አለ። የሞስኮ ባለሙያ የፈረመበት ነው።»

ደሜ ፈላ። በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ገብቼ ካፒቶሊናን በሰው ፊት «አንቺ ነሽ የሸጥሽን! ምራትሽ የጻፈችውን ዝርዝር አሁኑኑ አምጪ!» አልኳት። አመድ መሰለች።

«ግላሻ፣ ይቅርብሽ። አትይው።»

«ለምን አላየውም?»

«እህቴ፣ በእናትሽ አትይው። ምራቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው ያሳየችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ፊትሽን ማየት አቅቶኝ ነው።»

ዝርዝሩን ከማዕድ ቤት ልብሷ ኪስ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ወጥ ቤት የነበሩትንም ሰዎች ይዛ ወጣች፤ በሩን ዘጋችልኝ።

አንድ በአንድ አነበብኩት። ቁጥር አንድ፣ ውፍረቱ ሁለት ሜትር ከአስራ አራት፣ ውስጡ የበሰበሰ፣ አደገኛ። ቁጥር ሁለት፣ ሁለት ሜትር ከሠላሳ። ቁጥሮቹን አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ኦክቶበር ለአባትህ ሙት ዓመት ስትመጣ ትንሿን የእንጨት መዶሻ ይዘህ ዛፎቹን እያንኳኳህ ስትዞር፣ የሜትሩን ጫፍ ይዤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ የነገርኩህ እኔ ነኝ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ «ልጄ ነው፤ ከሞስኮ ድረስ ዛፎቻችንን ሊያክም መጣ» ያልኩትም እኔ ነኝ። ከግርጌ ያለውን ስም ያወጣሁልህም እኔው ነኝ።

ኢግናት፣ ውስጣቸው ባዶ መሆኑ እውነት ነው። ሊፓ በመቶ ዓመቱ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ሆኖ ሌላ መቶ ዓመት ይቆማል። ይህን ለአንተም ለእኔም ያስተማረን አባትህ ነው። እሱን ይሁን ልበል። «ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት» የሚለውን ግን ከየት አመጣኸው? ሃምሳ! አያቴ በአጥር ቀዳዳ ያየቻቸውን ዛፎች? ይህንን የጻፍከው ስህተት ሆኖ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ቁጥሩን ከአንተ ወስዶ ቃሉን ሌላ ሰው ጻፈው ብዬ ቫዲምን ጠረጠርኩ፤ ጸሐፊዋን ጠረጠርኩ፤ የጽሕፈት ማሽኑን ሳይቀር ጠረጠርኩ። ፊርማው ግን የአንተ ነው። ዕድሜ ልኬን ዓለምን ሁሉ ስጠረጥር አንተን አንድም ቀን ጠርጥሬህ አላውቅም ነበር። በጣም ነው ያመመኝ፤ ለምን ልደብቅህ። ምን እንደሰጡህ ወይም በምን እንዳስፈራሩህ አልጠይቅም።

ካፒቶሊናን እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ሁለታችንም አልቅሰናል። ፊርማው የአንተ መሆኑን የሚያውቁት እሷና ምራቷ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አይተነፍሱም።

እንግዲህ ስማኝ። በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ፣ በሃያ ስምንት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሕዝብ ውይይት አለ። ውሉን ይዤ እገባለሁ። ቫዲም ግን ከድሮ ወረቀት ይልቅ የባለሙያ ፊርማ ይበልጣል ባይ ነው፤ ጠበቃ ጠይቄ እውነቱን እንደሆነ ነግሮኛል። ያንን ቃል የሚሽረው የፈረመው ሰው ራሱ ተነስቶ «ተሳስቻለሁ» ሲል ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ዝርዝሩን ለአዳራሹ እንዳነብ እኔን መርጦኛል፤ ከመናፈሻው ጋር የኖረችው እሷ ናት ብለው። እምቢ ልል አልችልም። የመጨረሻውንም መስመር፣ ስምህን፣ እዘለዋለሁ ብለህ አትጠብቅ። ስለ ዛፉ አትዋሹ ብዬ ተነስቼ ስለ ልጄ ስም እኔው ከዋሸሁ ከእነሱ በምን ተሻልኩ?

አልጋህ ተነጥፏል። ምርቃቴም እንዳለ ነው፤ ክፉ አይንካህ፣ እመቤታችን ከፊትህ ትቅደም፣ አንተን መውለዴን የምወድበት ቀን አይለቅብኝ።

የሞስኮው ባቡር ሐሙስ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚገባው፤ ከጣቢያው እስከ አዳራሹ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። እኔ ከቁጥር አንድ ጀምሬ መቶ አስራ አንዱንም በየቁጥራቸው፣ በየውፍረታቸው አነብባለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው።

እናትህ
ግላፊራ