ድንጋይ ተሸክሞ የመጣው ባለ ሆቴል

ልጄ የምስራች ሆይ፣ ያለሽበት አገር ሁሉ ይመችሽ፣ እግዚአብሔር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ ደኅና ነን። የጋፋቱ ማሳችን ገብስ አምሯል፣ ላሟም ወልዳለች።

እሑድ ዕለት ባለ ሆቴሉ ዋልልኝ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ለእርቅ መጣ። የሆቴሉ የሊፍት በር ሰው የሚያወጣው ሳጥን ሳይመጣ ተከፍቶ ወንድምሽ ፋንታው ወድቆ ከሞተ ወዲህ ደጄን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሪጌታ ፈንታሁን «ስለ ማርያም ብለሽ ድንጋዩን አውርድ በይው» አሉኝ።

እኔ ግን «በሩን አሠራኸው?» አልሁት።

«ሊፍቱማ ደኅና ይሠራል፣ እትዬ አበበች።»

«ልጄን በገደለው ቀንም ደኅና ይሠራ ነበር።»

ላቡ እስኪንጠባጠብ ከነድንጋዩ አቆምሁት፤ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። በኋላ «ሴት ልጄ በሰው አገር የሊፍት ደንብ የምታወጣ መሐንዲስ ናት። ሳጥኑ ሳይኖር በሩ እንዳይከፈት ደንብ አለ ብላኛለች። እሷ መጥታ ሳታየው እርቅ የለም» ብዬ መለስኋቸው።

እንግዲህ ስልክ ይደውልልሻል፤ አንጀትሽ እንዳይራራለት። ሥራሽ ከፈቀደልሽ ለፋሲካ ነይና እንደ ባዕድ ሆነሽ ሊፍቱን መርምሪው። ጉድለት ካገኘሽ ለሚመለከተው ክፍል ነግረሽ አዘጊልኝ። እንግዶቹ እያዩት፣ እስከ ላይኛው ፎቅ ቢሮው በደረጃ እያለከለከ ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ።

ፋንታውን የወሰደ አምላክ አንቺን ያቆይልኝ፣ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። ብርድ ላይ ሳትደርቢ አትውጪ።

እናትሽ አበበች
ደብረ ታቦር