ፋብሪካ ያልሰፋው ፓራሹት

ለጨው ሜዳ የመኪና ፍጥነት ውድድር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ቆመው ግድግዳ አይያዙ፤ ሌሊት ተቀምጠው ለመተኛት አይገደዱ፤ የጀመሩትን ሳቅ ሳል አይቀማዎት። እንዲህ ዘርዝሬ የምመኝልዎ በቤቴ የጎደለው ይኸው ስለነበር ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ በመዶሻ የሚያቃና ሠራተኛ ነበር፤ ሲሠራ ስለሚያፏጭ ሰፈሩ «ፉጨት» ይለዋል። ዕድሜውን በሙሉ የሰው መኪና ሲያቃና ኖሮ የራሱ ጎማ እንኳ አልነበረውም። የቀለምና የብየዳ ጭስ ሳንባውን እንደጨረሰው ሐኪሙ የነገረው ዕለት፣ ትንፋሹ ሳያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ በጨው ሜዳው ላይ በገዛ እጁ በሠራው መኪና መክነፍ እንደሚፈልግ ነገረኝ። አበደ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ የመስፊያ ክፍሌን ግማሽ ለመኪናው ለቀቅሁለት።

ስለዚህ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በተራ ቁጥር እከፍላለሁ።

፩ኛ. የውድድሩን ደንብ ስለላኩልን እጅ እነሳለሁ። መኪናውን የሠራነው እሱን እያየን ነው። ባለቤቴ ቆርቆሮውን ቀጥቅጦ አፍንጫውን አሾለው፤ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ታናሽ ወንድሙ ሞተር ፈልጎ አመጣ። ጨው ስለሚያንሸራትት ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ እንዲይዝ መኪናው መክበድ አለበት፤ ሰው ሁሉ የእሽቅድድም መኪና ሲያቀልል እኛ ብረት ስንጭን ያዩ ጎረቤቶች በሳቅ ሞቱ። አማቴ እንኳ የብረት አልጋቸውን እግሮች አስነቅለው ሰጡንና ፍራሻቸውን መሬት ላይ አንጥፈው መተኛት ጀመሩ። ለወገባቸው እንደሚስማማቸው ይምሉ ነበር፤ ውሸታቸውን ነው።

ወንበሩን የሠራነው በባለቤቴ ገላ ልክ ነው። ላስቲክ አንጥፈን አስቀመጥነውና በዙሪያው ፈሳሽ ስፖንጅ አፈሰስን፤ ሲደርቅ ጀርባው፣ ትከሻው፣ ከፍ ያለው የግራ ጎኑ ሳይቀር ተቀርጾ ቀረ። እየቆየ ግን ወንበሩ ይሰፋው ጀመር፤ እኔም ጨርቅ እየደረብኩ አጠበብኩለት። ሌላ ሴት የባሏን መክሳት በሱሪው ታውቃለች፤ እኔ ያወቅሁት በመኪና ወንበር ነው።

፪ኛ. ፓራሹት እንዲኖረን በደንብዎ ስላዘዙን አመሰግናለሁ። እንዲያ የከነፈ መኪና ጨው ላይ በፍሬን ብቻ ስለማይቆም ከኋላው ፓራሹት ተዘርግቶ ሊይዘው ይገባል፤ ልክ ነዎት። እሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ቀሚስ እንዳይመስልሽ፤ ቢተረተር ባልሽ ነው የሚተረተረው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም እያንዳንዱን ማሰሪያ ሰፍቼ፣ በላዩ ደግሜ፣ በላዩ ሠልሼ እሰፋለሁ። በወንድሙ የጭነት መኪና ላይ አስረን ጭር ያለ መንገድ ላይ ስንሞክረው ተዘርግቶ መኪናውን ወደ ኋላ ጨምድዶ ያዘው። ያን ቀን ባለቤቴ እንደ ድሮው አፏጨ። ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም።

፫ኛ. በውድድሩ ማለዳ ስላደረጉልን አቀባበል ቃላት ያጥሩኛል። ባለቤቴ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ቀበቶውን ታስሮ ወንበሩ ላይ ነበር። ተቆጣጣሪዎ ፓራሹቱን አገላብጠው አዩና የፋብሪካ ምልክት እንደሌለው ነገሩን። የሰፋሁት እኔ መሆኔን ባስረዳቸው ደንቡን ገልጠው ገጹን በጣታቸው አሳዩኝ፤ ጨዋነታቸውን ልመስክር፣ አንዴም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ወንድሙ ለመናቸው፣ አማቴ ለመኗቸው፣ እኔም እግራቸው ላይ መውደቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። በሚቀጥለው ዓመት እንድንመለስ መከሩን። ነጩ ሜዳ ከፊቱ ተዘርግቶ፣ ሞተሩ እየሞቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት! ባለቤቴ ሄልሜቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ ዝናብ መጣና ሜዳው ውኃ ሆነ። ባለቤቴ ከአልጋ መነሣት ባቃተው ጊዜም መኪናው ውስጥ እንድናስቀምጠው ይጠይቀን ነበር። ወንድሙ ተሸክሞ ያስገባዋል፤ እኔ ቀበቶውን አስርለታለሁ፤ መሪውን ይዞ የመስፊያ ክፍሌን ግድግዳ ያያል። ክቡርነትዎ፣ ያ ግድግዳ ከመኪናው አፍንጫ ክንድ አይርቅም።

፬ኛ. ትናንት ስለደረሰን ደብዳቤዎ ደግሞ ምን ብዬ ላመስግንዎ? የፋብሪካ ምልክት የሚጠየቀው ከእኛ እጅግ ለሚፈጥኑ መኪኖች ብቻ መሆኑን፣ ተቆጣጣሪው የሌላ ምድብ ገጽ ማንበባቸውን፣ ለደረሰብን «መጠነኛ መጉላላት» እንደሚያዝኑና መኪናውን «ከነሾፌሩ» እንድናቀርብ ጽፈውልናል። ከነሾፌሩ። ይህችን ቃል ለአማቴ ሳነብላቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሾፌሩ ካልተመቸው ሌላ መተካት እንደምንችልም አክለዋል፤ አሳቢነትዎ ነው። ወንድሙ ሊቀመጥበት ሞክሮ ትከሻው አልገባም። ወንበሩን ፍቀን እናስፋው ሲል እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከባሌ ገላ በዚህ ቤት የቀረኝ ያ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ እጄን ጀርባው ላይ አሳርፋለሁ።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ግን ደከመኝ።

ትክክለኛውን ገጽ ፈልገው ስላገኙልን ደግሜ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ ሁልጊዜ በልክዎ እንዲሆን፣ የሚወዱት ሰውም ገጽ እስኪገለጥ የሚጠብቅ እንዳይሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የፉጨት ሚስት፣
ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ፓራሹቱን ለዳግም ምርመራ ይዘን እንድንመጣ በደብዳቤዎ ግርጌ ጠይቀዋል። ስለማልችል ይቅርታ ያድርጉልኝ። በቀብሩ ዕለት ሳጥኑን ያወረድነው በማሰሪያዎቹ ነው፤ ጨርቁንም በላዩ አልብሰነው ተመለስን። ቀስ ብሎ ወረደ፤ አልተንገጫገጨም። ስፌቱ ይዟል። እዚያ ምልክት የጠየቀን የለም።