የግራ እግሬ ወሬ

ጉለሌ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1956 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለታየች ስለሺ፣
ጅማ፣ ወንድምሽ ቤት

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽና ከግራ እግሬ በቀር ደህና ነኝ። ይህ ስድስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አምስቱ መልስ ስላላገኙ፣ ይደርሷት ይሆን ወይስ ፖስታ ቤት ተከምረው ቀሩ እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜያለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ነው።

ባለፈው እንደነገርኩሽ፣ ከእንጦጦ እየሮጥኩ ስወርድ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ። የሸጎሌዋ ወጌሻ ወይዘሮ ሾዴ በቅቤ አሽተው፣ በጨርቅ ጠምጥመው፣ “ወር ሙሉ እንዳትሮጥ” ብለውኝ ነበር። ለዘውድ በዓል ሩጫ ደግሞ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። አለቃዬ ከሰማ ከፋብሪካው ሯጮች ስሜን ይሰርዘዋል ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሥራ ቦታ ጥርሴን ነክሼ ቀጥ ብዬ እራመድ ነበር። የጻፍኩት ላንቺ ብቻ ነው።

ሩጫው ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ፣ በዊንጌት አድርጎ ሸጎሌ የሚያልቅ ነበር። እግሬ ይገርምሻል፤ ዳገቱ ላይ ዝም ይላል፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን ጉድ ያፈላል። ለምን ይሆን? ወይዘሮ ሾዴን ብጠይቃቸው “እኔን ከምትጠይቅ እግርህን ጠይቀው” አሉኝ። ያም ሆኖ ዊንጌት ስደርስ ሦስተኛ ነበርኩ።

አባትሽ ጋቢያቸውን ደርበው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። እኔ የእናትሽን የአርባ ቀን ተዝካር ትቼ ደብረ ዘይት ለሩጫ ከሄድኩ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንኳ ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ያዞሩብኛል። አንቺም በዚያው ሳምንት ነው ጥለሽኝ የሄድሽው። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል፦

“ቶለሳ! ያ ግራ እግርህ ተሻለህ ወይ?”

አማት “እግርህ እንዴት ነው?” እያሉ፣ እየሮጡ መልስ ይሰጣል? ቆምኩና እጅ ነሳሁ።

“ደህና ነው አባባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ከርመዋል?”

“ይመስገን። የእናትህስ ወገብ?”

“ተሽሏቸዋል። የእርስዎስ ሳል?”

እኛ እንዲህ ስንባባል ሯጩ ሁሉ በአጠገባችን ይተማል። ኋላ ከዘራቸውን ወደ መንገዱ ቀስረው “አንተ፣ ሩጫ ላይ አይደለህም እንዴ?” አሉኝና ሳቁ። አባትሽ ሲስቁ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው! ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኜ ገባሁ። አለቃዬ እስካሁን አኩርፎኛል፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታውን ግን ጥያቄው መጣ። ማን ነገራቸው? ሳነክስ አላዩኝም፤ ጨርቁም በካልሲ ተሸፍኗል። ደግሞ ግራውን ለይተው ነው የጠየቁኝ። በነጋታው ሸጎሌ ድረስ ሄጄ ወይዘሮ ሾዴን ብጠይቃቸው “ስለሺ የሚባል ሰው በዓይኔም አላየሁ” ብለው ማሉልኝ።

እንግዲህ ታየች፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ። ደብዳቤዎቼን ታነቢያለሽ ማለት ነው። ማንበብ ብቻ አይደለም፤ እግሬ አሳስቦሽ ለአባትሽ ጽፈሻል። ይህን ሳውቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለዚህ ሌላም ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ደብረ ዘይት የሄድኩት አለቃዬ አስገድዶኝ ነው ያልኩሽ ውሸት ነበር። ማንም አላስገደደኝም። የእናትሽን ተዝካር ትቼ የሄድኩት ወድጄ ነው። አጥፍቻለሁ።

የመድኃኔዓለም ጥበቃ አይለይሽ። ለወንድምሽና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ይህንንም ለአባትሽ ጻፊላቸው። ደብዳቤሽ እስኪደርሳቸው ጠብቄ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በደጃቸው አልፋለሁ፤ እየሮጥኩ ሳይሆን፣ ቀስ ብዬ።

ባለቤትሽ
ቶለሳ ደቻሳ