ስለ አቶ ሙሐዲን ከሊፋ ህልፈት እና ስለሌለው የይለፍ ቃል

የምዕራብ በር ትምህርት ቤቶች የመረጃ አገልግሎት ማህበር የሰርቨር ክፍል ኃላፊ የነበሩት አቶ ሙሐዲን ከሊፋ፣ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ዕለት ከአስር ሶላት በኋላ ኮልፌ በሚገኘው የሙስሊም መካነ መቃብር ቤተሰቦቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። የማህበሩ ቦርድና ሠራተኞች የተሰማን ሐዘን ጥልቅ ነው።

ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ አብቅቶ የአገልግሎት ታሪካቸውን ብቻ ቢዘረዝር በወደድን ነበር። ሆኖም ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በአባል ትምህርት ቤቶች ዘንድ «ሙሐዲን ቁልፉን ይዞ ሞተ» የሚል ወሬ እየተዛመተ ነው። ወሬው ለቅሶ ቤት ድረስ ገብቶ ቤተሰቡን አስጨንቋል። ስለዚህ ሐዘናችንንም እውነቱንም በአንድ ወረቀት ለመጻፍ ተገደናል።

አቶ ሙሐዲን ተወልደው ያደጉት ኮልፌ ነው። የኮምፒውተር ጥገና ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ ለዓመታት በግል ሱቆች ሠርተው፣ በ2005 ዓ.ም. ማህበራችንን ተቀላቀሉ። ማህበሩ የአባል ትምህርት ቤቶችን የተማሪ ምዝገባና ውጤት በሰርቨር ያስቀምጣል። ሰርቨሮቹ ግማሾቹ 18 ማዞሪያ ባለው ቢሯችን፣ ግማሾቹ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ናቸው። ባለሙያ በየጊዜው ታክሲ እየተሳፈረ ሊደርስባቸው ስለማይችል እያንዳንዱ ሰርቨር ከርቀት የሚገባበት በር አለው። የአቶ ሙሐዲን የአሥራ ሦስት ዓመት ሥራ የዚህ በር ጉዳይ ነበር።

እሳቸው ሥራ ሲጀምሩ ይህን በር እያንዳንዱ ባለሙያ በእጁ፣ እንደየልማዱ ያዘጋጀው ነበር። አንዱ ሲያጠብቀው ሌላው ክፍት ይተወዋል፤ ሦስተኛው ይለውጠውና ምን እንደለወጠ ይረሳዋል። መግቢያው የይለፍ ቃል ነበር፤ የይለፍ ቃሉንም የማያውቅ አልነበረም። በእኛ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ባልደረባ ጠይቆ መከልከል እንደ ንቀት ስለሚቆጠር፣ ቃሉ ከመዝጋቢ ወደ ክፍል ኃላፊ፣ ከክፍል ኃላፊ ወደ መምህር እየተላለፈ ሄደ። በአንድ ግቢ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ መምህር ሰው እንዳያስቸግር ተብሎ ቃሉ በካርቶን ላይ ተጽፎ ጥበቃ ቤት ተለጥፎ ተገኝቷል። ይህን ያደረገው ሰው ክፉ አልነበረም። ይሉኝታ የያዘው ሰው ነው።

በ2010 ዓ.ም. የአንድ አባል ትምህርት ቤት የሁለተኛ ሴሚስተር ውጤት ባልታወቀ ሰው ተለወጠ። ወላጆች ትራንስክሪፕት ሊወስዱ መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ መምህራንም ክረምቱን የፈተና ወረቀት እየገለጡ ውጤት ሲመዘግቡ ከረሙ። የማጣራቱ ውጤት አጭር ነበር፤ የተሰበረ በር የለም፤ ሰውየው በትክክለኛው የይለፍ ቃል ነው የገባው።

በ2011 ዓ.ም. አቶ ሙሐዲን ለቦርዱ ሐሳብ አቀረቡ። በስብሰባው የተናገሩትን የነበርን ሁሉ እናስታውሰዋለን፦ «እኔ ሰው ፊት ቆሜ እምቢ ማለት አልችልም። እናንተም አትችሉም፤ አያችሁት እኮ። እንግዲህ እምቢ የሚል ማሽን እንሥራና እኛ ተግባብተን እንኑር።» ቦርዱ ስቆ «እናስብበት» አለ። ሁለት ዓመት አሰበበት። ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለመውቀስ አይደለም፤ በሁለቱ ዓመታት ውስጥ አቶ ሙሐዲን ተመሳሳይ ማመልከቻ ስንት ጊዜ እንዳስገቡ ስለምናውቅ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ። አሠራሩ ለባለሙያ ላልሆነ ሰውም ግልጽ ነው። በሩ እንዴት መሆን እንዳለበት በአንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ይጻፋል፦ የይለፍ ቃል በሩን አይከፍትም፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለራሱ ብቻ በተሰጠው ዲጂታል ቁልፍ ይገባል፤ የማን ቁልፍ እንደሚሠራ በስም ይዘረዘራል። ከዚያ የኮንፊገሬሽን ማስተዳደሪያ የሚባለው ፕሮግራም ጽሑፉን እያነበበ ሰርቨሮቹን ሁሉ በጽሑፉ መሠረት ያስተካክላል። በየግማሽ ሰዓቱም ተመልሶ ያያል፤ ሰው በእጁ የነካካው ነገር ካለ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። አቶ ሙሐዲን ጽሑፉን በሁሉም ሰርቨሮች ላይ በአንድ ጊዜ ለቀቁትና አንድ መስመር ተሳስቶ ኖሮ እሳቸውን ጨምሮ ሁላችንም ውጭ ቀረን። በሐምሌ ዝናብ ኪቦርድና ስክሪን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከዘነበወርቅ እስከ አየር ጤና ታክሲ እየቀያየሩ፣ ሰርቨሮቹን በየደጃቸው ከፈቱ። የክፍሉ ሕግ የተወለደው ከዚያ ነው፦ መጀመሪያ በአንድ ሰርቨር ይሞከር፤ የገባህበትን በር ሳትዘጋ በሌላ የስክሪን መስኮት መግባትህን አረጋግጥ፤ ማንኛውንም ለውጥ ሁለት ሰው ይየው።

በ2014 ዓ.ም. ሁሉም ሰርቨሮች በዚህ ሥርዓት ሥር ገቡ። ቀድሞ ሁለት ቀን ይወስድ የነበረው የአዲስ ትምህርት ቤት ሰርቨር ዝግጅት ከምሳ በፊት ተጀምሮ ከምሳ በፊት የሚያልቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በአባል ትምህርት ቤቶች ላይ አንድም የውጤት መለወጥ አልደረሰም። ለዚህ ምስጋና የደረሰን ከሁለት ትምህርት ቤቶች ነው። አቤቱታ ግን ከሁሉም ደርሶናል።

«ለአንድ ቀን ብቻ በይለፍ ቃል ይከፈትልን» ተባልን። «የፈተና ሰሞን ስለሆነ» ተባልን፤ ቀጥሎም «ፈተና ስላለቀ» ተባልን። «ዳይሬክተራችን ቁልፉ ያለበት ላፕቶፕ ከብዷቸው ቤት ትተውት ስለመጡ» የሚልም ደርሶናል። ደብዳቤ መጻፍ የሰለቻቸው በእጃቸው ከፈቱት፤ ሥርዓቱም መልሶ ዘጋው። ዛሬ ጡረታ ላይ ያሉት የአንድ አባል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አቶ ወልደጊዮርጊስ ቢሯችን ድረስ መጥተው «ሙሐዲን፣ ይሄ ሰርቨርህ ጂን አለበት እንዴ? ልጆቹ ከፈቱልኝ፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ተዘግቷል!» ብለው ነበር። አቶ ሙሐዲንም ወንበር እየሳቡላቸው «ጂን አይደለም ጋሼ፤ እኔ ነኝ» ብለዋቸዋል። ሻዩንም ደግመው የጋበዟቸው እሳቸው ናቸው። ሰው ፊት እምቢ አይሉም ነበር።

አሁን ወደ ወሬው እንመለስ።

አቶ ሙሐዲን ከጻፏቸው ደንቦች አንዱ ከሥራ የተለየ ሰው ቁልፍ በዚያው ዕለት ይሰረዛል፤ ለነገ አይባልም ይላል። በቀብሩ ዕለት፣ ከመቃብር መልስ፣ ክፍሉን በተጠባባቂነት የያዙት ወ/ሪት ናዝራዊት ብሩኬ የአቶ ሙሐዲንን ስም ከዝርዝሩ ለማውጣት ቢሮ ገቡ። ሁለተኛው ተመልካች ባለሙያው አቶ ሁንዴ ነበሩ። «ዛሬ እንኳን ይቆይ፣ ናዝሬ» አሏቸው። ወ/ሪት ናዝራዊት «ጋሽ ሙሐዲን ያቆዩት ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። አቶ ሁንዴ ለውጡን አይተው አጸደቁ። መጀመሪያ በአንድ ሰርቨር ተሞከረ። ቀጥሎ ሥርዓቱ በተለመደው ሰዓቱ ዞረና፣ ሥርዓቱን የሠሩት ሰው ስም ከሁሉም ሰርቨሮች ወጣ። አንድም ሰርቨር አልቆመም። በማግስቱ የትምህርት ቤቶቹ መዝጋቢዎች እንደ ወትሮው ገብተው ሥራቸውን ሠሩ፤ ልዩነቱን ያስተዋለ አልነበረም። እንግዲህ ይዘው የሄዱት ቁልፍ የትኛው ነው?

ይህ ሆኖ ሳለ፣ ዘነበወርቅ ወደሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ለቅሶ ለመድረስ ከሄዱት መካከል ጥቂቶች ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ዘሀራ አጠገብ ተቀምጠው «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ዘሀራዬ፤ ለመሆኑ የሰርቨሩን ፓስወርድ የት ነው ያስቀመጠው?» ብለዋል። አንድ ሰው አይደለም የጠየቀው። ወ/ሮ ዘሀራም የተማሪዎቹ ውጤት በባለቤታቸው ምክንያት የተያዘ መስሏቸው የሟቹን ኮቶችና መሳቢያዎች መፈተሽ ጀመሩ። ልጃቸው ሰልሳቢል ቢሯችን ደውላ «አባቴ የደበቀባችሁ ነገር አለ እንዴ? እናቴ ሰው ማስተናገዱን ትታ ኪስ እየፈተሸች ነው፤ እባካችሁ ካለ ንገሩን» አለችን።

ይህን ስንሰማ የተሰማንን የሚገልጽ፣ ለመግለጫም የሚመጥን ቃል ፈልገን አላገኘንም።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ከአንድ አባል ትምህርት ቤት በማህተም የተደገፈ ደብዳቤ ደረሰን። ሐዘኑ እስኪያልፍ ድረስ፣ «ለሟቹ ክብር ሲባል»፣ መግቢያው ለሁሉም በይለፍ ቃል እንዲከፈት ይጠይቃል። ለሟቹ ክብር ሲባል የሟቹን ሥራ እንድናፈርስ ማለት ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበን ለማንም ሳናሳይ መለስነው።

ስለሆነም ማህበሩ የሚከተለውን ያስታውቃል። ለወ/ሮ ዘሀራና ለልጆቻቸው፦ አቶ ሙሐዲን የደበቁት ነገር የለም። የይለፍ ቃል አላስቀመጡም፤ ምክንያቱም የይለፍ ቃል የለም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አልነበረም። ባለቤትዎ የማንንም ልጅ ውጤት አልያዙም፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው ጠበቁት እንጂ። እባክዎ ኮቶቹን መልሰው ይስቀሉ። የቦርዱ አባላት ይህንኑ በቃል ለመንገር ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤትዎ እንመጣለን።

ለአባል ትምህርት ቤቶች፦ ቁልፍ የሚያስፈልገው ሠራተኛ ወ/ሪት ናዝራዊትን ይጠይቅ፤ በስሙ ይሰጠዋል። ለቅሶ የምትደርሱ ሁሉ ደግሞ ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ አጽናኑ፣ መርቃችሁ ተነሡ። በዚያ ቤት ሰርቨር የሚለው ቃል አይነሣ። እንደ አቶ ሙሐዲን ይሉኝታ ያለው ሰው ቤት ገብቶ ይሉኝታ ማጣት ነውር ነው።

ለወ/ሮ ዘሀራ፣ ለሰልሳቢልና ለወንድሞቿ፣ ለወዳጆቻቸውና ለክፍሉ ባልደረቦች ሁሉ አላህ ሶብሩን እንዲሰጣችሁ፣ ለሟቹም ጀነተል ፊርደውስን እንዲወፍቃቸው እንመኛለን።

በመጨረሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ማንነቱን የማንጠይቀው ሰው በአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር ላይ መግቢያውን በእጁ ለይለፍ ቃል ከፍቶ ሄዷል። ሲመለስ ተዘግቶ አግኝቶት «ማን ነው የዘጋው?» ሲል ወደ ቢሯችን ደውሎ ነበር። በዕለቱ ከእኛ በኩል ሰርቨሩን የነካ ሠራተኛ አልነበረም፤ ሁላችንም ለቅሶ ላይ ነበርን። ለመረጃ ያህል፣ ጂን አይደለም። እሳቸው ናቸው።

የምዕራብ በር ትምህርት ቤቶች የመረጃ አገልግሎት ማህበር
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ 18 ማዞሪያ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.