የቀበሌ ንብረት ለሆነው ውሻዬ መልቀቂያ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ አቶ ግዛቸው
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
አሰላ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። ሰሞኑን ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ቢሮዎን እንዳልደፈረው ተስፋ አደርጋለሁ፤ በር ላይ ቆመን ተራ የምንጠብቀውን እኛን እንደሆነ አንድ በአንድ ጎብኝቶናል። እኔ ሃዊ ሁሴኖ እባላለሁ። ካላስታወሱኝ፣ አምና በሂሳብ አያያዝ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስዞር ግራጫ ውሻ ከኋላዬ የማይለየኝ ልጅ ነኝ። ደብዳቤዬን ለሕዝብ ክፍት ያደረግሁት፣ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች በቢሮዎ ያለ ሥራ መቀመጣቸው ስላሳዘነኝ ነው። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሻዬን ዳለቻን እስከ ቅዳሜ ይመልሱልኝ። ምስጋናዬና ቅሬታዬ እንዳይደባለቁብዎ በቁጥር ከፍዬ አቀርባቸዋለሁ፤ ከተደባለቁም የጀማሪ ስህተት አድርገው ይለፉኝ።

አንደኛ፦ በቢሮዎ በር ላይ ስለለጠፉት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «ባለቤቱ ከአካባቢው ሲርቅ በሕጋዊ ተረካቢ እጅ ያልተተወ ውሻ ላይ እርምጃ ይወሰዳል» ይላል። እርምጃው መርዝ የተነከረ ሥጋ መሆኑን ወረቀቱ አይናገርም፤ ባለፈው ዓመት በየቦዩ ዳር ወድቆ ያየነው ግን በቂ ማብራሪያ ሰጥቶናል። ማስታወቂያው በወጣ ሰሞን፣ ከተመረቅሁ ጀምሮ ስጠብቀው የኖርሁት የሥራ ፈተና ደረሰና አዲስ አበባ ተጠራሁ። ውሻዬን ዴራ ላሉት ቤተሰቦቼ ላደርስ ብሞክር የሚኒባሱ ረዳት፣ «ሰው ነው ወይስ ዕቃ? ዕቃ ከሆነ ጣራ ላይ ይውጣ» አለኝ። ዳለቻ ከፍታ አይወድም። ስለዚህ እንደ ሕግ አክባሪ ነዋሪ ተረካቢ ይዤ እርስዎ ዘንድ ቀረብሁ።

ሁለተኛ፦ ተረካቢዋ ጎረቤቴ አዴ ጠይባ ነበሩ። አዴ ጠይባ የውሻ ለሃጭ ልብሳቸውን ከነካው ሳያጥቡ የማይሰግዱ ጥንቁቅ ሴት ናቸው። ቢሆንም ጭንቀቴን አይተው፣ «ሃዊ ልጄ፣ እኔ አልነካውም፣ እሱም አይነካኝም፤ ጾሙን ግን አያድርም» አሉና ጫፉ ላይ የቆርቆሮ ሳህን የተመታበት ረጅም እንጨት አሠርተው ተዘጋጁ። ይህን ሁሉ ተሰናድተው ቢሮዎ ሲመጡ መታወቂያቸው ጊዜው ያለፈበት መሆኑን እርስዎ በአንድ እይታ ደረሱበት፤ ለዓይንዎ ጤና አላህን አመሰግናለሁ። ከክረምት ጀምሮ «ማደሻ ወረቀት አልቋል» እያለ የሚመልሳቸው ይኸው የእርስዎ ቢሮ መሆኑን ማንሳት ድፍረት ይሆንብኛል ብዬ ዝም አልሁ። አዴ ጠይባ ግን ዝም አላሉም፤ «ውሻው እኮ መታወቂያ አሳዪኝ አይለኝም!» አሉ። እርስዎ በዚያች ደቂቃ ስልክ አንስተው ስለነበር አልሰሟቸው ይሆናል። ስልኩ ሲጠራ እኛም አልሰማንም።

ሦስተኛ፦ ለመታወቂያው ጉድለት ማካካሻ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዋስ እንዳመጣ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ነርስ የውብዳር ሳታቅማማ እሺ አለች። እርስዎ የመሥሪያ ቤቷን ደብዳቤ ጠየቁ። አለቃዋ ደግሞ «ለሰው እንጂ ለውሻ ዋስትና ጽፈን አናውቅም፤ ቢጠፋ ከደመወዝሽ ልንቆርጥ ነው?» ብለው መለሷት። የውብዳር ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት፣ «ሃዊዬ፣ አንቺ ራስሽ ስትቀጠሪ ይህን ሁሉ አትጠየቂም» አለችኝ። የዋህ ናት፤ እጠየቃለሁ።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም። በጉዞዬ ዋዜማ በርዎ ላይ ቆሜ ሳለቅስ አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ውሻ ይህን ያህል? በይ እዚሁ ግቢ እሰሪውና ሂጂ! የመንግሥት ግቢ ውስጥ ማን ይነካዋል?» አሉኝ። እንባዬን ጠርጌ መረቅሁዎ። ዘበኛው ጋሼ መርሻም፣ «አይዞሽ፣ ከምሳዬ ይካፈላል» አሉኝ፤ እንዳሉትም አካፍለውታል። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ምስጋናዬን ሁለቴ ማንበብ የማያስፈልጋቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አምስተኛ፦ እውነትዎን ነበር፤ ማንም አልነካውም። ቆጠሩት እንጂ። እኔ ፈተና ላይ ሳለሁ የዓመቱ የንብረት ቆጠራ ደረሰ። ቆጣሪዎቹ እንደ ልማዳቸው በግቢው የተገኘውን ሁሉ፣ አግዳሚውንም፣ መደርደሪያውንም፣ ጎማ የሌለውን ጋሪ ሳይቀር ቀለም እየቀቡ ቁጥር ሲሰጡ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ታስሮ የተቀመጠውን ዳለቻን አገኙት። ብሩሹን እየላሰ ቢያስቸግራቸው ቁጥሩን በቆርቆሮ ላይ ጽፈው አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። ስመለስ ጅራቱን እየቆላ፣ ቆርቆሮውን እያንቃጨለ ተቀበለኝ። ገመዱን ልፈታ እጄን ስሰድ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ «እጅሽን ሰብስቢ፣ ተቆጥሯል!» አለኝ። ቁጥሩን አየሁት፤ ከእርስዎ ወንበር ቀጥሎ ያለው ነው።

ቢሮዎ ገብቼ ስጠይቅዎ በትዕግሥት አስረዱኝ። የተመዘገበ ንብረት ከግቢ የሚወጣው የማስወገጃ ኮሚቴ ሲወስን ነው፤ ኮሚቴውም የሚወስነው ዕቃው አገልግሎት መስጠት አለመቻሉ ሲረጋገጥ ነው፤ ከዚያ በኋላም ለጨረታ ይቀርባል። እንግዲህ ውሻዬን ለማግኘት መጀመሪያ እስኪበላሽ መጠበቅ አለብኝ ማለት ነው። በቢሮዎ አገልግሎት መስጠት ካቆሙ ዓመታት ያለፏቸው፣ ነገር ግን ከነወንበራቸው በክብር የተቀመጡ ስላየሁ፣ ኮሚቴው የማይቸኩል መሆኑን ተረድቻለሁ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሆዴን ይበላኛል። ከእኔ ጋር እንዲኖር ተረካቢና ዋስ የተጠየቀለት ውሻ፣ እርስዎ ግቢ በቋሚነት ሲገባ ምንም አልተጠየቀም። ዲግሪ የለውም፤ የሥራ ልምድ የለውም፤ ፈተና የተቀመጥሁት እኔ፣ የተመደበው እሱ። ለአንድ ቀን ያህል እንደ መቅናትም ቃጥቶኝ ነበር።

አሁን ግን አልቀናም፣ እኔም ፈተናውን አልፌያለሁ። በተፈተንሁበት መሥሪያ ቤት የጢቾ ቅርንጫፍ ተመድቤ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። የአዴ ጠይባ ባለቤት ጋሼ ነስረዲን በአይሱዙ ከጢቾ ገብስ አምጥተው ቅዳሜ ሌላ ለመጫን ባዶውን ወደዚያው ስለሚመለሱ፣ «አንቺ ጋቢና፣ እሱ ከኋላ፤ ጣራ የሚባል ነገር የለም» ብለውኛል። ከቅዳሜ በኋላ እንዲህ ያለ መኪና ከየት አገኛለሁ? ጋሼ መርሻም በዚህ ወር መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ከንብረቶችዎ ሁሉ ሲመሽ የሚርበው ዳለቻ ብቻ ነው፤ ለንብረት ምሳ የሚሆን በጀት ደግሞ የለም። ይህን ጠይቄዎ፣ «ይታሰብበታል» ብለውኛል። ሆድ ግን እስኪታሰብበት አይጠብቅም፤ እኔ በሌለሁበት፣ በዚያ ገመድ ላይ ከስቶ መቅረቱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለሆነም ኮሚቴ የማያስቸግር አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከግቢዎ በር ውጭ እቆማለሁ። እርስዎ ገመዱን ብቻ ይፍቱለት። እኔ አልጠራውም፤ አላፏጭም። ወደ ቢሮዎ ከተመለሰ የቀበሌው ነው፤ መርቄ እሄዳለሁ። ወደ እኔ ከመጣ ግን ቆርቆሮውን ከአንገቱ አውልቄ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ እጅ ነስቼ አስረክብዎታለሁ። የመንግሥት ንብረት ቆርቆሮው ነው።

ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ወረቀትዎ እንዳያልቅ፣ ስልክዎም በተፈለገ ጊዜ ሁሉ እንዲጠራ ከልብ የምትመኝ፣

ታዛዥዎ
ሃዊ ሁሴኖ
የንብረቱ የቀድሞ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ዳለቻ ሲሄድ የቀበሌው አገልግሎት ቢጓደል በእኔ እንዳይቀየሙ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተራ ጠባቂዎቹ ሁሉ እንደመሰከሩልኝ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ባለጉዳይ ሲገባ ከተቀመጠበት ተነስቶ የሚቀበል እሱ ብቻ ነበር።